አልጋ ሥር የተከማቸው ራጂ

«አባትሽን እዚያ መለዋወጫ መደብር ምን ብለው እንደሚጠሩት ሰምተሻል?» አላት ሞተረኛው። የሚስቱ ብስክሌት ተንፍሶ ካላማዳሪያውን፣ የውስጥ ጎማውን፣ ሊያስለጥፍ እነሷ መጠገኛ ሱቅ መጥቶ፣ ሥራው እስኪያልቅ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። ከመደብሩ ዕቃ እየጫነ ለየሱቁ የሚያደርስ ሰው ነው፤ ከዕቃው ጋር ወሬም ያደርሳል፣ ለወሬው ግን አያስከፍልም። «ቀባሪው ነው የሚሉት። ገዢ አጥቶ የሞተውን ዕቃ ሁሉ ስለሚወስድላቸው። ‹ቀባሪው መጣ፣ ሬሳውን አውጡ› ይባባላሉ» ብሎ ሳቀ። ሳቁን የሚቀበለው ሲያጣ አንገቱን አከከና «እኔ አላልኩም እንግዲህ፣ የሰማሁትን ነው» አለ። እሷ ማጣበቂያውን በጣቷ ጫፍ ዳር ዳሩን እያዳረሰች ነበር። ማጣበቂያ ትንሽ ሳይደርቅ ልጣፉን ከጫኑበት ነገ ይላቀቃል፤ ስለዚህ እፍ እያለችበት ቆየች። ሱቁንና ቤታቸውን ከሚለየው አሮጌ መጋረጃ ጀርባ አባቷ ጺሙን ይላጫል፤ ምላጩ ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። የሞተረኛውን ወሬ ሰምቶ እንደሆነ አላወቀችም። ምላጩ ግን አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ነበር።

አዲስ የሆነባት ስሙ ብቻ ነው። ነገሩንማ በቅርቡ ደርሳበታለች። የአባቷን ክፍል ልትጠርግ አልጋውን ሳብ ብታደርገው አልነቃነቅ አላት። የተንጠለጠለውን ብርድ ልብስ ገልጣ ስታይ ከሥሩ በጋዜጣ የተጠቀለሉ እሽጎች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድረዋል፤ የላይኞቹ የአልጋውን ጣውላ ወደ ላይ ገፍተውታል። አንዱን ፈታች፤ ራጂ ነው። ሌላውን ፈታች፤ ያም ራጂ። ሁሉም አዲስ፣ የፋብሪካው ዘይት እንኳ ያልደረቀበት፣ ሁሉም አንድ ቁመት ነው። ራጂ ቸርኬውን፣ ጎማው የሚያርፍበትን ክብ ብረት፣ መሃል ላይ ካለው ሞዞ ጋር ወጥሮ የሚይዘው ቀጭን የብረት ዘንግ ነው፤ አንድ ጫፉ ተቆልምሞ ሞዞው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ሌላኛው ጫፉ ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ላይ ትንሽዬ ዳዶ ይጠመዘዝበታል። ቁመቱ በጥፍር ወርድ ካጠረ ዳዶው ጥርሱን ዳር ዳሩን ብቻ ይነክሳል። ሲያዩት የያዘ ይመስላል፤ ሰው ሲቀመጥበትም ለጥቂት ጊዜ ይይዛል። አልጋ ሥር የነበሩት በጥፍር ወርድ ያጠሩ ነበሩ። ዛሬ ማንም የማይነዳው፣ ሰፊ ሞዞ ላለው አሮጌ ብስክሌት የተሠሩ ናቸው፤ በሰፈሩ ውስጥ አንድም ጎማ ላይ አይገቡም።

ቤቱ ይህን ሁሉ ራጂ ታቅፎ ሱቁ ራጂ አጥቷል። አባቷ በየሳምንቱ በዚሁ ቀን ተላጭቶ፣ ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን በጨርቅ ወልውሎ «ራጂ ላምጣ» ብሎ ይወጣል። ሲመለስ እሽጉን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ጓዳ ይገባል። እሷ ከመደርደሪያው ላይ ከአሮጌ ጎማ የተፈታ እየመረጠች፣ የጠመመውን እያቃናች እስካሁን ገፍታለች። አሁን ግን የሚቃናም አልተረፈ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የወተት አመላላሹ ቸርኬ ራጂ ሲጠብቅ ሰነበተ። ከዚያ በፊት የመጡ ሁለት ደንበኞች ብስክሌታቸውን እየገፉ መንገዱን ተሻግረው ወደ ሌላው ጠጋኝ ሄደዋል፤ እየተሻገሩ ሳለ ወደ ኋላ አላዩም፣ እሷ ግን እስኪገቡ ድረስ አየቻቸው። ሱቅ እንደዚህ ነው የሚዘጋው፤ በአንድ ቀን አይዘጋም።

ሻጩ ደግሞ ወንድሟ ነው። ትንሹ ይሉታል፣ ከበሩ ጉበን ሥር ጎንበስ ብሎ ማለፍ ከጀመረ በኋላም ትንሹ ነበር። እዚሁ ሱቅ ውስጥ ከአባቱ ጋር ጎማ ይወጥር ነበር። የወጠረው የዳቦ አመላላሹ ቸርኬ ቁልቁለት ላይ ተበትኖ ሰውየው ክንዱ ተሰበረ። የሰውየው ወንድሞች ሱቁ ደጃፍ ላይ ተሰብስበው ሲጮሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ አባትየው እጁን ዘርግቶ «የልጄ ሥራ ነው» አለ። ትንሹ ያን ጊዜ ምንም አልተናገረም። ሽርጡን እንደታጠቀ ወጣ። በማግስቱ ሽርጡ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በዚሁ ሞተረኛ እጅ መጣ። ከዚያ ወዲህ መደብሩ ባንኮኒ ላይ ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም። ሰው ከቤት ሲጎድል የቀሩት ሰዎች የማንኪያ ድምፅ እንኳ ይጎላል። እናታቸው በሞተች ጊዜም እንደዚያ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሦስት ማንኪያ ነበር።

እሷ ነገሩን እንዲህ ብላ ደምድማዋለች፤ ያኔ ሥራውን አበላሸ፣ አሁን ደግሞ በሽማግሌው ይበቀላል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑም ደክሟል ብሎ የማይሸጠውን ያሸክመዋል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል። ልጣፉን ጫነችና በመዶሻው እጀታ ቀጠቀጠችው። «ጨርሻለሁ» አለችው ሞተረኛውን።

እሱ ሲወጣ አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ። አገጩ ላይ ትንሽ የሳሙና አረፋ ቀርቶበታል። ኮቱን እየቆለፈ «ልሂድ እንግዲህ፤ ራጂ አልቆብናል አይደል?» አለ።

«ዛሬ እኔ እሄዳለሁ፣ አባዬ።»

«አንቺ? አንቺማ ሥራ አለብሽ።»

«ያለ ራጂ የምን ሥራ አለኝ?»

«ፀሐዩም ይከብዳል። እኔ በዚያው እግሬን አፍታታለሁ።»

«እግርህን እዚሁ አፍታታ፤ ወንበሯን እየዞርክ» አለችው። እንደ ቀልድ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። በዚህ መሃል ወተት አመላላሹ ባዶ ጣሳዎቹን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። «የኔ ታማሚ እንዴት አደረች? እሷ እዚህ ተኝታ እኔ በእግሬ እያዘገምኩ ነው። ደንበኞቼ በር ላይ ስደርስ ወተቱ እርጎ ሆኗል፤ እርጎ ያዘዙትም አሉ እንግዲህ፣ በእነሱ እጽናናለሁ» አለ። «ለዛሬ ማታ» አለችው። «የዛሬ ማታማ ትናንትም ነበር» ብሎ፣ ለአባቷ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። የተናገረው በቀልድ ቢሆንም ሲሄድ መንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ በዓይኑ ለካው።

ወደ ጓዳ ገብታ እሽጎቹን እያቀፈች ማውጣት ጀመረች። አባቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ እሽጎቹ አንድ በአንድ ፊቱ ሲያልፉ ያያቸዋል። የራሷን ብስክሌት የኋላ መጫኛ ስትሞላ መሪው ላይ አንጠለጠለች፣ የቀረውን በመቀመጫው ላይ ደርባ አሰረች። እንዲህ ተጭና ልትነዳ እንደማትችል ግልጽ ነበር፤ መግፋት ነው። በሩ ላይ ስትደርስ «ወዴት ነው የምትወስጂያቸው?» አላት።

«ወደ መጡበት።»

«ከማን ጋር ነው የምትነጋገሪው?»

«ከመደብሩ ባለቤት ጋር።»

«ሰው እንዳታስቀይሚ» አለ ብቻ።

መንገዱ ሩቅ አልነበረም፤ ሸክሙ ነው ያራቀው። ብስክሌቷ በሸክሙ ወደ አንድ ወገን እየጎተተቻት በመኪናና በእግረኛ መሃል ገፋች። መድኃኒት ቤቱ ፊት የተሰለፉ ሰዎች መንገድ ለቀቁላት። የትራፊክ ፖሊሱ እጁን አንሥቶ መኪናዎቹን ካቆመ በኋላ እሽጎቹን አይቶ «ጦር ነው ወይስ ሹራብ መሥሪያ?» አላት፤ «ራጂ ነው» አለችው፤ «እግዜር ያግዝሽ» አላት። ስትገፋ የምትናገረውን እያሰናዳች ነበር። ቃላቱን ከከበዱት ጀምራ ደረደረቻቸው። ሁሉም ለወንድሟ የተዘጋጁ ነበሩ፤ ለመደብሩ ባለቤት ምን እንደምትል አላሰበችም።

መደብሩ ረጅምና ጠባብ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ሳጥኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁመትና ውፍረት። ጎማና ዘይት ይሸታል። ባንኮኒው ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር የብረት ማስመሪያ ተቸንክሯል፤ ቁጥሮቹ መሃል ላይ በእጅ ብዛት ጠፍተዋል። የመደብሩን ባለቤት ሁሉም ሰው እትዬ ይላታል፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገንዘብ መቀበያው ጋ ትቀመጣለች፣ ስለ ዋጋ ሲጨቃጨቋት መነጽሯን ታደርጋለች፣ ያን ጊዜ ዋጋው አይቀንስም። ሰልፉ ላይ ጥቂት ጠጋኞች ነበሩ። ሰሞኑን የራጂ ዋጋ ከቡና ዋጋ ጋር እሽቅድምድም ገብቷል እያሉ ያጉረመርማሉ። እህትየው ሰልፉን አልጠበቀችም። እሽጎቹን እያመላለሰች ባንኮኒው ላይ ከመረች፤ ክምሩ በእሷና በእትዬ መሃል ግድግዳ እስኪሆን ድረስ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ፣ ልጄ?»

«የአባቴ ነው። ቀባሪው የምትሉት ሰውዬ።»

አንዱ ሠራተኛ ወደ መደርደሪያው ዞሮ ባዶ ሳጥን ውስጥ ዕቃ መፈለግ ጀመረ። እትዬ መነጽሯን አደረገች፣ አንዱን እሽግ ፈታች፣ አንድ ራጂ መዛ ማስመሪያው ላይ አጋደመችው። ፊቷ ሲቀላ ማየት ይቻላል። «ይህን ዕቃ ከቀድሞው ባለቤት ነው የወረስኩት» አለች። «ለጥራጊ ልሸጠው ነበር። ተሸጠ ሲሉኝ የሚፈልግ ተገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ…» ንግግሯን ሳትጨርስ አንገቷን ወደ ጓሮው አዙራ ጠራችው። ትንሹ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። እህቱን አየ፣ ክምሩን አየ፣ ሳጥኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ይህን ለአባባ የሸጥክላቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አባቱ ናቸው፣ እሱ ያስተናግዳቸው ብዬ እኮ ነው ሲመጡ ላንተ የምለቅልህ። ባዕድ እንኳ ባዕድን እንዲህ አያደርገውም።» ትንሹ መልስ አልሰጠም። ያ ዝምታው እህቱን ከምንም በላይ አናደዳት፤ ከሱቁ የወጣ ቀንም እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር። እትዬ ሁሉንም በልኩ እንዲቀይር አዘዘችው፤ እሽግ በእሽግ። የዋጋ ልዩነቱን አልቀበልም አለች። እሱም ቆጠረ፣ ለካ፣ ጠቀለለ። እህቱ ከቤት ያመጣችውን ናሙና ይዛ ከእያንዳንዱ እሽግ አንድ አንድ እየመዘዘች አስተያየች። ደግሞ እንዳያታልላት ዓይኗን ከራጂው ላይ አልነቀለችም። ራጂው ከሳጥን ይወጣል፣ ማስመሪያው ላይ ይጋደማል፣ ጋዜጣው ይጠቀለልበታል፤ እሷ ያየችው ይህን ነው። ሁሉም ልክ ነበር፤ አንድም ያጠረ አላገኘችም።

«አሁን ስሚኝ፣ ልጄ» አለች እትዬ። «አባባ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ድረስ አይልፉ። የሚያስፈልጋችሁን በስልክ ንገሪኝ፤ በሞተር ደጃፋችሁ ድረስ አደርሳለሁ፣ የማድረሻም አልጠይቅም። እሱም» አለች፣ ትንሹን ሳታይ፣ «የእናንተን ዕቃ ከእንግዲህ በእጁ አይነካም። መጋዘን ይገባል፤ ከሰው ጋር መዋል አይችልበትም።» እህትየው ከልቧ አመሰገነች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ይህን ያህል አገኛለሁ ብላ አልገመተችም። ያሰናዳቻቸውን ከባድ ቃላት አንዱንም ሳትጠቀምባቸው ሁሉም ነገር እንደምትፈልገው ሆነ።

ውጭ ሸክሙን ስታስር ትንሹ ተከትሏት ወጣ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ማሰሪያ ይዞ በሌላው ወገን ቆመና መጎተት ጀመረ፤ እሷ በዚህ፣ እሱ በዚያ።

«እታለም» አለ።

«እታለም አትበለኝ።»

«እሺ።» ማሰሪያውን አጠበቀ። «ራጂው በምን ያህል እንዳጠረ ለክተሽዋል?»

«በጥፍር ወርድ። ምን ይጠየቃል?»

«የዳቦ አመላላሹም በጥፍር ወርድ ነበር ያጠረው።»

እጇ ቆመ። እሱ ግን ማሰሩን አላቋረጠም፤ የሚናገረውም ለቋጠሮው ነበር። አባታቸው የዳቦ አመላላሹ ቸርኬ በሚወጠርበት ጠዋት ከሰውየው አሮጌ ጎማ አንድ ራጂ ፈትቶ ለካ። ራጂው ጥርሱ ላይ የተሰበረ ነበር፤ ጫፉ ዳዶው ውስጥ ቀርቷል። የቀረውን ማስመሪያ ላይ አጋደመና ‹በዚህ ቁመት ግዛ› አለ። «‹አባዬ፣ ይሄ ጫፉ የለም፣ ያጥራል› አልኩት። ‹እኔ ራጂ ስለካ አንተ አልተወለድክም› አለኝ። ገዛሁ። ስወጥርም ዳዶው ዳር ላይ ነው የያዘልኝ፤ እሱ ካለ ብዬ ወጠርኩት። ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ያን ቀን ሰው ፊት የልጄ ሥራ ነው ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን። ያውቅ ነበር።»

እህቱ ያን ጠዋት አስታወሰች። ከመጋረጃው ወዲያ ልብስ እያጠፈች ነበር። ‹አልተወለድክም› የሚለውን ሰምታ ፈገግ ማለቷን ሁሉ አስታወሰች። ከዚያ በፊት የነበረውን ግን አልሰማችም፤ ለመስማትም ጠይቃ አታውቅም።

«እዚህ መጀመሪያ የመጣ ቀን ምን እንደምለው ጠፋኝ» አለ ትንሹ። «‹ራጂ ስጠኝ› አለኝ፤ ቁመቱን አልነገረኝም። ያንን አጭሩን አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ይሄ እኮ አጭር ነው እንዲለኝ ነበር። ይሄ አጭር ነው፣ ያኔም አጭር ነበር እንዲለኝ። አውራ ጣቱን አሳረፈበት፤ በማስመሪያ ከሚለካው በጣቱ የሚለካው ይበልጣል፣ ታውቂያለሽ። ‹ደህና ነው› አለና ከፈለ። በሳምንቱ መጣ፤ ደገምኩለት። ‹ደህና ነው።› አንድ ቀን ይለኛል እያልኩ ነው የኖርኩት። ቀባሪ የሚሉት እነሱ ናቸው። እኔ ብዬ አላውቅም።»

ከውስጥ እትዬ ተጣራች። ትንሹ ማሰሪያውን በእጁ ነካ ነካ አድርጎ መጥበቁን አረጋገጠ። «አባዬ ከእንግዲህ አይመጣማ» አለ። እንደ ጥያቄ አላሰማውም። እሷ የብስክሌቷን መሪ ያዘች፤ እሱ ገባ።

ወደ ቤት ስትመለስ ብስክሌቷ ከቅድሙ ይልቅ ቀልላት ይሁን ከብዳት አላስተዋለችም። መጀመሪያ ለአባቷ የምትናገረው ቁጣ ነበር፤ መንገዱ መሃል ላይ ወደ ልመና ተቀየረ። ደጃፉ ስትደርስ ደግሞ ተስፋ ሆነ። ነገሩ እኮ ትንሽ ነው አለች በልቧ፤ አንድ ቃል ነው። ሽማግሌው ያንን አንድ ቃል ከተናገረ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ወንድሟ መጋዘን ቢገባስ? መጋዘንም በር አለው።

አባቷ እንደተወችው ወንበሩ ላይ ነበር፤ ኮቱ እንደተቆለፈ። የወተት አመላላሹን ቸርኬ ከግድግዳው አውርዶ ጭኑ ላይ አድርጎ ሞዞውን ጠርጎታል። እሽጎቹን መደርደሪያው ላይ ስትደረድር ተመለከታት። ባዶ የነበረው መደርደሪያ ሞልቶ ወለል ላይ ተረፈ።

«ተቀየረ?»

«ተቀየረ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ አባዬ።» ስለ ሞተሩ ነገረችው፤ ከእንግዲህ መልፋት እንደሌለበት፣ ዕቃው ቤት ድረስ እንደሚመጣ። ትንሹ ወደ መጋዘን መዛወሩንም ነገረችው። እሱ ሞዞውን በጨርቅ ዳግመኛ ጠረገው፤ የሚጠረግ ነገር አልቀረውም ነበር።

«አጭር መሆኑን ታውቅ ነበር» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም? እሱ እኮ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። አጭር ነው እንድትለው። ያኔም አጭር ነበር እንድትለው፤ ሌላ ምንም አይፈልግም።»

አባቷ ቀና አለ። «እንደዚያ አለሽ?»

«በአፉ አለኝ።»

መንገዱ ላይ አንድ መኪና ጡሩምባውን ነፋ፣ ሌላው መለሰለት፤ አባቷ እስኪያልፉ ጠበቀ። «እኔ ደግሞ አጭር ነው ካልኩት ይቀይርልኛል ብዬ ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቢቀይርልኝ፣ ልኩን ቢሰጠኝ፣ ለስንት ጊዜ ይሆናል? ለሁለት ወር፣ ለሦስት ወር። አጭሩ አይሠራም። ስለማይሠራ በሳምንቱ ተመልሼ ራጂ አልቆብኛል እለዋለሁ። ሐሰትም አይደለም፤ አልቆብኛል።»

እሷ ከእሽጎቹ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ነገ ሂድ» አለችው። «ነገ ሂድና ንገረው። መጋዘኑ ድረስ ግባ።»

«ምን ፈልጌ መጣሁ ልበለው?»

«ምንም። ልጅህ ነው፤ አንተን ፈልጌ በለው።»

«እኔና እሱ ያለ ዕቃ ተነጋግረን አናውቅም» አለ። «ከልጅነቱ ጀምሮ። መፍቻውን አቀብለኝ፣ ዳዶውን አጥብቀው፤ በዚህ ነበር የምንነጋገረው። እናታችሁ ነበረች የቀረውን የምትናገርልን።» ሳል አለና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጣቱስ?» ብሎ ጠየቃት።

«የምን ጣት?»

«የግራ እጁ፣ ሌባ ጣቱ። ባለፈው ሳምንት በጨርቅ አስሮት ነበር። ያ የሳጥኑ ቆርቆሮ ቆርጦት መሰለኝ፤ አመርቅዞበት ነበር። ፈታው? ዳነለት?»

ልታስታውስ ሞከረች። ራጂው ከሳጥን ሲወጣ፣ ማስመሪያው ላይ ሲጋደም፣ ጋዜጣው ሲጠቀለልበት ሁሉም ይታያታል፤ የጠፉት ቁጥሮች እንኳ ይታዩዋታል። ራጂውን የያዘው እጅ ግን አይመጣላትም። ማሰሪያውን አብረው ሲጎትቱ ከክንዷ ርቆ አልነበረም። ፊቱም ቢሆን፣ ከስቶ እንደሆነ፣ ጺም አሳድጎ እንደሆነ፣ ቢጠይቃት የምትለው የላትም።

«አላየሁም» አለች።

«አላየሽም» አለ አባቷ። አልወቀሳትም፤ እንዲሁ እንደ ሰማው ደገመው። ተነሥቶ ኮቱን አወለቀና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። የቀኑ ብርሃን ከደጃፉ ላይ ሸሽቶ ወደ መንገዱ መሃል ሄዷል። ሽርጡን ታጠቀ፣ ከላይ ካለው እሽግ አንድ ራጂ መዘዘ፣ አውራ ጣቱን ከጫፉ ላይ አሳረፈ። የተቆለመመውን ጫፍ ሞዞው ቀዳዳ ውስጥ አስገባው፣ ሌላውን ወደ ቸርኬው መራው። ዳዶው ጥርሱን ይዞ እስከ መጨረሻው ገባ። እሷ ተነሥታ ቸርኬውን በሁለት እጇ ያዘችለት፤ እሱ ሁለተኛውን መዘዘ፣ ሦስተኛውን መዘዘ።

«ልክ ናቸው» አለ፣ ከሥራው ቀና ሳይል። «ብዙ ጊዜ ይበቁናል።»